አሮጌ ካርታ ይዞ ገጠር መውጣት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል)



የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ሌሊት የጣሊያን ጦር በሦስት አቅጣጫ ተከፍሎ ወደ ዐድዋ ጉዞ ጀመረ። ዋና አዛዡ ጄኔራል ባራቲዬሪ ለጦር አለቆቹ በእጅ የተነደፈ ካርታ አድሏቸዋል። በግራ በኩል የሚሄደው ጄኔራል አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለ ኮረብታ ላይ ደርሶ እንዲቆም ታዟል። ካርታው ላይ ኪዳነ ምሕረት ቅርብ ናት። አልቤርቶኔም ካርታው ያሳየው ቦታ ደርሶ ቆመ። አገሩን የሚያውቁት መንገድ መሪዎች ግን ኪዳነ ምሕረት ይህች አይደለችም፣ ገና ወደፊት ናት አሉት። እውነታቸውን ነበር። ጄኔራሉ ጦሩን አስነሥቶ ወደ እውነተኛዋ እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገሰገሰ፤ ሲነጋም ከሌሎቹ ተነጥሎ፣ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ፊት ለፊት ቆሞ ተገኘ።

በዐድዋ ያሸነፈው ካርታ ነው ማለቴ አይደለም፤ ያሸነፈው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ታሪኩን ያነሣሁት ለዛሬው ዝግጅታችን የሚበጅ ነገር ስላለበት ነው። ካርታ ሰው የሠራው ሰነድ ነው። የተሠራበት ዓመት አለው፣ የሠራው ሰው አለው፣ የተሠራበት ጉዳይ አለው፣ ስሕተትም አለው። እነዚህን ካወቅንለት ግን ስለ አንድ ገጠር ያለፈ ዘመን የሚነግረን ብዙ ነው፤ በጽሑፍ የታሪክ መዝገብ ለሌላቸው አካባቢዎች ደግሞ ከአዛውንት ትዝታ ቀጥሎ ያለን ትልቁ ምስክር እሱ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ አሮጌ የመልክዓ ምድር ካርታ እንዴት እንደሚነበብ፣ ይዘነው ወደ መንደር ስንወጣም ምን ምን መፈለግ እንዳለብን እንነጋገራለን። ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው።

የመልክዓ ምድር ካርታ የምንለው ክፍለ ሀገርና ዋና ከተማ ብቻ የሚያሳየውን፣ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የምናውቀውን አይደለም። ተራራውን፣ ገደሉን፣ ወንዙን፣ ምንጩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ የእግር መንገዱን፣ አንዳንዴም እያንዳንዱን ጎጆ ጭምር የሚያሳይ ዝርዝር ካርታ ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኘው አንድ ለሃምሳ ሺህ የሚባለው ነው። ይህ ማለት መሬት ላይ ያለ አንድ ኪሎ ሜትር ወረቀቱ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። አንዱ የካርታ ሉህ ከዳር እስከ ዳር 27 ኪሎ ሜትር ያህል አገር ይይዛል፤ በጠዋት የተነሣ ጎበዝ መንገደኛ ከአንዱ ጠርዝ ተነሥቶ ሲመሽ በሌላው የሚወጣበት ስፋት ነው።

የከፍታው መስመር ኮንቱር ይባላል። ቡናማ ቀለም አለው። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ቦታዎች ሁሉ ከባሕር ጠለል ያላቸው ከፍታ እኩል ነው። ገበሬ እርከን ሲሠራ የተራራውን ወገብ ይዞ፣ ሳይወጣ ሳይወርድ እንደሚዞረው ማለት ነው። በብዙዎቹ የአንድ ለሃምሳ ሺህ ካርታዎች ላይ ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ ያለው ልዩነት 20 ሜትር ነው። መስመሮቹ ሲራራቁ ሜዳ ነው፤ ሲጠጋጉ ዳገት፤ ተጣብቀው አንድ ወፍራም መስመር ሲሆኑ ገደል። ይህችን ብቻ የያዘ ሰው ካርታ ማንበብ ጀምሯል።

የአገራችን ካርታ የተሠራበት ታሪክ ራሱ ሰፊ ነው፤ በአጭሩ ላልፈው እሞክራለሁ። በ1830ዎቹ አንቷን ዳባዲ የሚባል ተመራማሪ በሰሜንና በምዕራብ ኢትዮጵያ ተራራ ለተራራ እየወጣ፣ ከአንዱ ጫፍ ሌላውን እያነጣጠረ ማዕዘን ለካ። በዚያ ልኬት የሠራቸው ካርታዎች ለረጅም ጊዜ ተወዳዳሪ አልነበራቸውም።  በ1860 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ ከባሕር ዳርቻ እስከ አምባው ድረስ የሄደበትን መንገድ ቀየሰ፣ ፎቶ ግራፍም አነሣ። ቀጥሎ ጣሊያኖች መጡ፤ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ከአውሮፕላን ብዙ ሺህ ፎቶዎች አንሥተው ካርታ ሠሩበት። በ1946 የራሳችን የካርታና የጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በ1950ዎቹ የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ከአሜሪካኖች ጋር ተካሄደ፣ የአሜሪካ ጦር የካርታ ክፍልም አገሪቱን ለመቀየስ መጣ። አሁን በገበያ የምናገኛቸው የአንድ ለሃምሳ ሺህ ካርታዎች ከዚያ ወዲህ፣ ክፍል በክፍል፣ በተለያየ ዓመት በተነሡ የአየር ፎቶዎች ላይ ተመሥርተው የታተሙ ናቸው።

ልብ በሉ፦ የመጀመሪያዎቹ ካርታዎች አብዛኞቹ የጦር ካርታዎች ናቸው። የጦር ካርታ ሠሪ የሚፈልገው ውሃ የት ይገኛል፣ በቅሎ በየት ያልፋል፣ መኪና በየት ይገባል፣ መድፍ የትኛው ጉብታ ላይ ይጠመዳል የሚለውን ነው። ስለዚህ ምንጭና መሻገሪያ በጥንቃቄ ይመዘግባል። የማን ርስት ነው፣ የየትኛው አጥቢያ ነው፣ ድንበሩ የት ነው ለሚለው ግን ግድ የለውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አንድ አካባቢ እንውረድ። አንኮበርን እንውሰድ።

አንኮበር ዛሬ ከደብረ ብርሃን ተነሥተው በሚሄዱበት መንገድ የምትገኝ፣ በከፍታ ላይ የተቀመጠች የወረዳ ከተማ ናት። ከዚያ አፋፉን ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱ አልዩ አምባ የምትባል መንደር አለች። ዛሬ ስሟን ከአካባቢው ሰው በቀር የሚያነሣ ብዙ የለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን አልዩ አምባ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ የባሕር ዳርቻ የሚነሣው የግመል ሲራራ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ይመጣል፤ ከአሳል ሐይቅ ጨው፣ ከባሕር ማዶ ጨርቅና ብረት ይዞ። የሐረርና የአርጎባ ነጋዴዎች እዚያው ቤት ሠርተው ተቀምጠው ነበር። ሲመለሱ ዝሆን ጥርስና ቡና፣ እንዲሁም ሰው፤ የባሪያ ገበያው አጠገቧ ባለችው አብዱል ረሱል ይቆም ነበር። በ1833 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሃሪስ የወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ታዲያ ገበያው ለምን እዚያ ቆመ? ቤተ መንግሥቱ አንኮበር ነው፤ ገዢውም እዚያው ነው። ለምን ነጋዴው እስከ አንኮበር ወጥቶ አይሸጥም?

መልሱን ካርታው ላይ ታዩታላችሁ። ከአዋሽ ቆላ ተነሥታችሁ ጣታችሁን ወደ ምዕራብ ስትገፉ የኮንቱር መስመሮቹ ለረጅም ርቀት ተራርቀው ይቆያሉ። ከዚያ በድንገት ይጠጋጋሉ። የስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ነው። አንድ ሺህ ሜትር ዳገት ማለት 50 መስመር በአንድ ላይ ተደራርቦ ማለት ነው። ግመል እዚያ ላይ ያበቃለታል። ድንጋዩ እግሩን ይጎዳዋል፣ ብርዱም አይስማማውም። ጭነቱ ይራገፋል፤ ከዚያ በላይ ያለው መንገድ የበቅሎ፣ የአህያና የተሸካሚ ሰው ነው። የሃሪስም ጓዝ ከግመል ወርዶ በሰው ትከሻ ነው አንኮበር የገባው። ግመል በሚቆምበትና በቅሎ በሚነሣበት ቦታ ላይ ጭነት የሚያራግፍ፣ ቀረጥ የሚቀበል፣ የሚያስተረጉም፣ ማደሪያ የሚያከራይ፣ የሚሸጥና የሚገዛ ይሰበሰባል። ገበያ ሆነ ማለት ነው። ይህን ካያችሁ በኋላ የሌሎቹም ምስጢር ይገለጥላችኋል። በወሎ በኩል ባቲን ተመልከቱ፤ እስከ ዛሬ ሰኞ ሰኞ አፋሩ ከታች፣ ደገኛው ከላይ መጥተው የሚገናኙባት ባቲ የተቀመጠችው በቆላውና በዳገቱ መገናኛ ነው።

አልዩ አምባ ለምን ወደቀች ለሚለው ደግሞ ሁለተኛ ካርታ ያስፈልጋችኋል፤ የኋላ ዘመን ካርታ። ምኒልክ በ1870ዎቹ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ወጡ። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ግመሉ የሚያመጣውን ሐዲዱ ወሰደው። ጣሊያኖች ወደ ደሴ የሚወስደውን መኪና መንገድ ሲሠሩ ደግሞ ዳገቱን በጣርማ በር ዋሻ በስተው በደብረ ሲና በኩል አወረዱት፤ አንኮበር ከዋናው መንገድ ውጭ ቀረች። በአንዱ ካርታ ላይ በትልቅ ፊደል የተጻፈው ስም በሌላው አንሶ፣ ወፍራሙ መንገድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ታገኙታላችሁ። ሁለት ካርታዎችን ጎን ለጎን ዘርግቶ የትኛው ስም ገነነ፣ የትኛው ደበዘዘ ብሎ ማየት የዚህ ሥራ ግማሹ ነው። እኔ እንዲያውም ከሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ የትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ያላነሣትን መንደር መነሣትና መውደቅ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

መንደር ብቻ ሳይሆን ውሃም ይንቀሳቀሳል።

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሄዳችሁ መተሐራ ስትደርሱ፣ ከፈንታሌ ተራራ ሥር፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል የተኛ ሰፊ ሐይቅ አይታችኋል። በሰቃ ሐይቅ ነው። የ1950ዎቹን ካርታ ብትገልጡ ግን ይህ ሐይቅ ትንሽ ኩሬ ነው፤ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። በአንድ ለሃምሳ ሺህ ካርታ 12 ካሬ ሴንቲ ሜትር፤ ከክብሪት ቀፎ ፊት ያንሳል። ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብት ይሰማራበት የነበረውን ግጦሽ ውጦታል። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አውራ ጎዳናና የባቡር ሐዲዱ ውኃው እየተጠጋቸው፣ ከፍ ተደርገው እንደገና እስከ መሠራት ደርሰዋል። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻም ለመጠጥም አይሆንም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አካባቢው በ1960ዎቹ መጀመሪያ የስኳር ፋብሪካና የመስኖ እርሻ የተተከለበት ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ከመስኖው የሚሰርገው ውሃ ነው ሐይቁን የሞላው ይላሉ። ሌሎች ቦታው የስምጥ ሸለቆ ስለሆነ ከመሬት ሥር የሚመነጨው ፍል ውሃ ጨምሮ ነው ይላሉ። ክርክሩ ረጅም ነው። አሮጌው ካርታ ክርክሩን አይፈርድም፤ ያለ እሱ ግን ክርክሩ መነሻም አይኖረውም። ሐይቁ መቼ ምን ያህል እንደነበረ፣ ሸንኮራው ከመተከሉ በፊት ዳርቻው የት እንደነበረ የሚያውቀው እሱ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። በካርታው ላይ ሰማያዊ ሆኖ የተቀመጠው ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ከብት ይነዳበት ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመለሰ። ቆቃም አለ፤ በ1952 ግድቡ ሲያልቅ የአዋሽ ሜዳ ውሃ ሆነ።  ከግድቡ በፊት የተሠራ ካርታ ላይ ዛሬ ዓሣ የሚጠመድበት ቦታ ወንዝ እየተጠማዘዘ ሲያልፍበት ታያላችሁ።

ስለ ውሃ ስናወራ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የአየር ፎቶ የሚነሣው ሰማዩ ሲጠራ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ነው። ስለዚህ በነሐሴ የሚያጥለቀልቀው ረግረግ ካርታው ላይ ሜዳ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በቁርጥራጭ ሰማያዊ መስመር የተሣለ ወንዝ ካያችሁ በበጋ የሚደርቅ ነው ማለት ነው። ካርታው ላይ ውሃ የለም ብላችሁ ውሃ አልነበረም አትበሉ።

ወደ ቤቶቹ እንለፍ። ካርታው ላይ የተበተኑት ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ጎጆዎች ናቸው። አሠፋፈራቸውን ተመልከቱ። በጉብታ ላይ ነው ወይስ በሸለቆ? በጅረት ዳር ነው ወይስ ከጅረቱ ራቅ ብሎ? በወባማ ቆላ ዳር ያሉት ወደ ጉብታው ሸሽተው ታገኟቸዋላችሁ። በአርሲና በሐረርጌ ደግሞ የካርታው ዓመት ወሳኝ ነው። ከ1977 በፊት በተነሣ ፎቶ የተሠራ ከሆነ ጎጆዎቹ እንደተዘራ እህል በየማሳው ተበትነዋል። ከዚያ በኋላ ከሆነ ቤቶቹ በቀጥታ መስመር ተሰልፈው፣ መንደር መንደር ሆነው ታዩአቸዋላችሁ። የመንደር ምሥረታ ነው። ገበሬው ቤቱን አፍርሶ፣ ሣሩንና ማገሩን ተሸክሞ ቀበሌው በቀየሰለት መስመር ላይ እንዲሠራ የተደረገበት ጊዜ። በኋላ ብዙ ሰው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ይህን ታሪክ ሰነድ ውስጥ ፈልጋችሁ ስታጡት፣ ሁለት ካርታ ላይ በነጥብ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በመስኩም ምልክቱ ይቀራል፤ ማሳ መሐል ያለ አንዳች ምክንያት በአራት ማዕዘን የበቀለ የቅንጭብ ወይም የቁልቋል አጥር ካያችሁ ጓሮ ነበረ።

(ሙዚቃ)

አሁን ስለ ደን ልናገር፤ እዚህ ላይ ትንሽ ክርክር ስላለኝ።

ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፣ ዛሬ ሦስት በመቶ ቀረ የሚለውን ያልሰማ አለ? በትምህርት ቤት ሰምተነዋል፣ በስብሰባ ላይ ሰምተነዋል። አሮጌ ሰነዶችን የመረመሩ የታሪክና የጂኦግራፊ ሰዎች ግን ይህ አኃዝ በልኬት ላይ የቆመ እንዳልሆነ አሳይተዋል። በ1860 የእንግሊዝ ጦር በትግራይና በላስታ በኩል ወደ መቅደላ ሲያልፍ ያነሣቸውን ፎቶዎች ይዘው፣ ፎቶ አንሺው የቆመበት ቦታ ላይ ቆመው ዛሬ እንደገና ያነሡ ተመራማሪዎች አሉ። ያገኙት ብዙዎችን ያስገረመ ነው። ያ ተራራ ያኔም የተራቆተ ነበር፤ በብዙ ቦታ እንዲያውም አሁን ያለው ዛፍ ከያኔው ይበልጣል። ባሕር ዛፍ አንዱ ምክንያት ነው፤ እሱ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነውና። ሕዝቡ በጉልበቱ የሠራው እርከንና ከከብት ንክኪ የተከለለው ተራራም ሌላው ምክንያት ነው።

ጣሊያኖች ያነሧቸው የአየር ፎቶዎችም እንዲሁ ተገኝተዋል። ከስምንት ሺህ በላይ በሚሆኑ ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው አዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ተቀምጠው ነበር። እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አራት ፎቶ አለ፤ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሦስቱ ወደ ጎን የታዩ፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት የተነሡ። የመቀሌና የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ምሁራን አውጥተው ሲያጠኗቸው ስለ ሰሜኑ ክፍል የተገኘው ከቀድሞው ጋር የሚስማማ ነው። በደቡብ ጎንደር ደግሞ የአብያተ ክርስቲያናትን ደን በ1930 ከተነሣ ፎቶ ጋር ያመሳከሩ አሉ። ደኖቹ ቦታቸውን ሳይለቁ ቆይተዋል። ያኔ ግን በዙሪያቸው ቁጥቋጦ ነበር፤ ደኑ ቀስ እያለ ወደ ማሳው ይቀላቀል ነበር። ዛሬ ቁጥቋጦው ታርሶ ደኑ እንደ ደሴት በማሳ ተከቧል፤ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል።

ይህ የሰሜኑ ከፍተኛ ቦታ ነገር ነው። የከፋንና የኢሉባቦርን ካርታ ብታዩ ታሪኩ ይገለበጣል፤ እዚያ አረንጓዴው ቀለም በእርግጥ ሸሽቷል። የምለው ምንድን ነው፦ ስለ አያቶቻችን ዘመን መሬት የሚነገረንን ነገር ሁሉ፣ መልካሙንም ክፉውንም፣ በየአካባቢው ሄደን ብንመረምረው እንጂ በአንድ አኃዝ ባንጠቀልለው ይሻላል።

ጊዜያችን እየሄደ ስለሆነ ሥራው እንዴት እንደሚጀመር ልንገራችሁ። ለትምህርት ቤት የታሪክና የጂኦግራፊ ክበቦች በተለይ ይጠቅማል።

ካርታው በአዲስ አበባ ከስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ በቀድሞ ስሙ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ፣ ይገኛል። ሉሁን ስትገዙ ሥዕሉን ከማየታችሁ በፊት ጠርዙ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ሁለት ዓመት ታገኛላችሁ፤ አንዱ የታተመበት፣ ሌላው ፎቶው የተነሣበት። ለእናንተ ዋናው ፎቶው የተነሣበት ነው፤ በሁለቱ መካከል አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱለት። ካርታው ላይ በቀጥታ አትጻፉ፤ ኮፒ አስነሡና ኮፒው ላይ ሥሩ።

የቦታ ስሞቹ በላቲን ፊደል ስለሆኑ ተጠንቀቁ። የላቲን ፊደል ቀንና ከን፣ ጠንና ተን፣ ጨንና ቸን ሁልጊዜ አይለይላችሁም። የጣሊያን ካርታ ከሆነ ደግሞ ወሎ በ«ኡ» ተጀምሮ «ኡኦሎ» የሚል ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ስሙን ከካርታው አንብባችሁ ለአዛውንቱ አትንገሩ። ቦታውን በጣታችሁ አሳዩና «አባባ፣ ይህን ጉብታ ምን ትሉታላችሁ?» በሉ። አልቤርቶኔ ዘግይቶ የጠየቀውን እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ። ስለ ምንጭና ስለ ወንዝ መሻገሪያ ከሆነ እናቶችን አስቀድሙ። እንስራ ተሸክመው የኖሩት እነሱ ናቸው፤ የትኛው ምንጭ በየትኛው ዓመት እንደደረቀ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «እማማ፣ በልጅነትዎ ውሃ የሚቀዱት ከየት ነበር?» የምትል አንዲት ጥያቄ ካርታው ላይ የሌሉ ሦስት ምንጮች ልታወጣላችሁ ትችላለች። ዓመት ስትጠይቁ ቁጥር አትጠብቁ፤ «ከጠላት ወረራ በፊት ነው ወይስ በኋላ? መሬት ላራሹ ከታወጀ በኋላ ነው?» እያላችሁ በሚታወስ ነገር አስጠጉት።

የስልካችሁን ጂፒኤስ ከአሮጌው ካርታ ጋር ስታመሳክሩ ልዩነት ብታዩ አትደንግጡ። ካርታዎቻችን የተመሠረቱት በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ፣ አዲንዳን ከተባለ ቦታ በተነሣ የቆየ የልኬት መነሻ ላይ ነው። ስልካችሁ የሚጠቀመው ሌላ ነው። ሁለቱ ከ200 ሜትር በላይ ሊራራቁ ይችላሉ፤ በገጠር 200 ሜትር ማለት ደግሞ የሌላ ሰው ጓሮ ነው።

ጓሮ ካልኩ አይቀር፦ ይህን ካርታ ይዞ የድንበር ክርክር ውስጥ የሚገባ ሰው አለ። አይሆንም። የመልክዓ ምድር ካርታ የይዞታ ሰነድ አይደለም። የማን ማሳ የት እንደሚያልቅ ማንም አልለካበትም። መስመሩ ራሱ ወረቀቱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው መሬት ላይ 25 ሜትር ነው። መንደር ስትደርሱ መጀመሪያ የቀበሌውን አስተዳደር አግኙ፣ ለምን እንደመጣችሁ በግልጽ ተናገሩ። ካርታ ዘርግቶ የሚለካ እንግዳ ሲታይ ገበሬው መሬቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም፤ ብዙ አይቷል።

የሰበሰባችሁትን በካርታው ኮፒ ላይ በቁጥር አመልክቱ፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር በደብተር ላይ ማን እንደነገራችሁ፣ ዕድሜያቸውን፣ የነገሩበትን ቀንና እሳቸው ያሉትን በራሳቸው አነጋገር ጻፉ። ካርታውና አዛውንቱ ሲጋጩ አንዱን ሰርዛችሁ ሌላውን አታጽድቁ፤ ሁለቱንም ጻፉ። ደብተሩን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)